የአሮጌ ሞተር ብስክሌት የፊት ጎማን መሃል ማስገባት

መሃል ማስገባት ማለት የፊት ጎማው ከሁለቱ የፎርኬላ (ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ሹካ) እግሮች እኩል ርቆ፣ ከኋላው ጎማ ጋር በአንድ መስመር እንዲቆም ማድረግ ነው። በአሮጌ ሞተር እድሳት ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ክብ) መሃል መሆን ያለበት ለፎርኬላው እንጂ ለሞዞው (የቸርኬው መሃል እምብርት) አይደለምና። የፍሬኑ ታምቡር ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ስለሚቀመጥ የሞዞው ግራና ቀኝ እኩል አይሆንም። ቸርኬውን በሞዞው እኩሌታ ላይ የወጠረ ሰው፣ ጎማው ወደ አንዱ እግር ተጠግቶ ያገኘዋል።

ስለዚህ አንድም ራጂ (ሞዞውን ከቸርኬው ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ዘንግ) ከመፈታቱ በፊት መለካት ያስፈልጋል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በታምቡሩ ጠርዝ ላይ ይጋደምና ከማስመሪያው እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለው ርቀት በሚሊሜትር ይመዘገባል። አሮጌ ቸርኬ ጥቂት መጣመሙ ስለማይቀር አራት ቦታ ለክቶ አማካዩን መያዝ ይሻላል። ከዚህ ቀደም የሠራው ሰውም ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩ ከፎርኬላው ስፋት ጋር ይመሳከራል።

ጎማው ወደ ጎን ሄደ ማለት ግን ጥፋቱ የግድ የራጂው ነው ማለት አይደለም። በፐርኖው (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ላይ የሚገቡት ማራራቂያ ቱቦዎች ግራና ቀኛቸው ተቀያይሮ ሊሆን ይችላል። ጎማው ከታች መሃል ሆኖ ከላይ ካዘነበለ ደግሞ የሚጠረጠረው ፎርኬላው ነው። ጠፍጣፋ ወፍራም መስታወት በሁለቱ የፎርኬላ ቱቦዎች ላይ ተለጥፎ ሲያዝ ከተወዛወዘ፣ እግሮቹ ተጠማዘዋል። የተጠማዘዘ ፎርኬላን በራጂ ማካካስ ጥፋቱን መሸፈን ነው፤ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

ቸርኬውን ወደ ግራ ለማምጣት በሞዞው ግራ ወገን የታሰሩት ራጂዎች ይጠብቃሉ፣ የቀኞቹ በዚያው ልክ ይላላሉ። ራጂዎቹ እንደ ሥሪቱ ብዙ ጊዜ 36 ወይም 40 ናቸው፤ እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም። በካቻቢቴ ጫፍ መታ ሲደረግ የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ይታፈናል። ብዙ የጥገና መመሪያዎች እስከ 2 ሚሊሜትር መወላገድ ይፈቅዳሉ፤ በትዕግሥት ከተሠራ ከ1 በታች ማውረድ ይቻላል። ወደ ውስጥ ሾልኮ የወጣ የራጂ ጫፍ ካላማዳሪውን (አየር የሚሞላውን የውስጥ ጎማ) እንዳይበሳ በሞረድ ይስተካከላል።

ጎማው ሲገጠም መጀመሪያ የፐርኖው ዳዶ ይጠብቃል፤ በእግሩ ጫፍ ፐርኖውን ቆንጥጦ የሚይዘው ብሎን ግን ለጊዜው ላላ ይላል። ፎርኬላው ሦስት አራት ጊዜ ወደ ታች ተጭኖ ሲለቀቅ እግሩ በፐርኖው ላይ ተንሸራቶ ተፈጥሯዊ ቦታውን ይይዛል፤ ብሎኑ የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው።