“ለሰው የማይሆን ለውሻ ይሆናል” እና ሌሎች ውሻ አሳዳጊን ዋጋ የሚያስከፍሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባለፈው ፋሲካ ጎረቤቴ በግ ሲያርዱ አጠገባቸው ነበርኩ። ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠሩ፣ የድርጭት እንቁላል የሚያህሉ ነጫጭ ከረጢቶች ነበሩ። “ይህ አይበላም” አሉና ለቡቺ ወረወሩለት። ቡቺ ሳያላምጥ ዋጠው።

“ለሰው የማይሆን ሥጋ ለውሻ ይሆናል።” አይሆንም። እነዚያ ከረጢቶች የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጮችን የያዙ ናቸው። ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋሉ፤ እሱን እምብዛም ስለማያሳምሙት ማንም አይጠረጥርም። እንቁላላቸው ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ከበላ፣ ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ቀዶ ሕክምና ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ጤናማ የሚመስለውንም ቢሆን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳትቀቅሉ አትስጡ። የትል መድኃኒት ስትገዙ ደግሞ ውሻችሁ የእርድ ትርፍራፊ እንደሚበላ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ይህን ትል የሚገድለው ፕራዚኳንቴል ነው፣ ማንኛውም የትል መድኃኒት አይደለም።

“ከግቢ የማይወጣ ውሻ ክትባት አያስፈልገውም።” ድመት በአጥር ትዘላለች፣ የሰፈር ውሻ በበር ሥር ሾልኮ ይገባል። ቡችላ የሚፈጀው የፓርቮ ቫይረስ ደግሞ በእናንተው ጫማ ሊገባ ይችላል፤ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘውን ቡችላ በግሉኮስ ለማትረፍ ቀናት ይፈጃል፣ ወጪውም ከክትባቱ ብዙ እጥፍ ነው፤ ያም ሆኖ ሊሞት ይችላል። አንድ መርፌም አይበቃም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ተጀምሮ አራት ወር እስኪሞላው በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይደገማል።

“ያበደ ውሻ ይናከሳል፣ ውሃ ይፈራል።” ሁሉም አይናከስም። አንዳንዱ ጸጥ ይላል፤ መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ከተነከሳችሁ፣ ወይም ለሃጩ ቁስል ከነካ፣ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ጤና ተቋሙ የሚያዝለትን የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌ ግን አንድም ቀን አያስተጓጉል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

“ግማሽ ፓራሲታሞል ምንም አያደርግም።” ድመትን ይገድላል። አይቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

“ውሻ የቤቱን ወጥ ይብላ፣ ርካሽ ነው።” ወጣችን ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ፣ ነጩም ቀዩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

“ማስከተብ የሀብታም ነው።” አንዳንዱ የእብድ ውሻ ክትባት ብልቃጥ ለአሥር ውሻ የሚበቃ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ጎረቤት ተሰባስቦ ሐኪሙን በአንድ ቀን ቢጠራ ብልቃጡ አይባክንም፣ የሐኪሙ የመመላለሻ ወጪም ይከፋፈላል። በእኛ መንደር ሰባት ውሻ ሆነን አስከተብን። ቡቺ የመጀመሪያው ነበር፤ የትል መድኃኒቱንም በዚያው ዕለት ዋጠ።