ትልቅ ስፒከር ሳሎን አስገብቶ መሞከር፦ የቤት ሙከራ በጎንደር

የቤት ሙከራ የውድ ስፒከር ሻጮች የቆየ ልማድ ነው። ሻጩ ዕቃውን ገዢው ቤት ድረስ ያመጣል፣ ይተክላል፣ ለጥቂት ሰዓት ወይም ለተወሰኑ ቀናት ያስደምጣል። ገዢው ከወደደ ይከፍላል፤ ካልወደደ ዕቃው ተጭኖ ይመለሳል። በአሜሪካና በአውሮፓ በተለይ ለትልልቆቹ ስፒከሮች ይሠራበታል። የምናወራው ስለ ሰርግ ሞንታርቦ አይደለም። ሞንታርቦ ድንኳን ሙሉ ሰው ጋ እንዲደርስ የተሠራ ነው። እነዚህኞቹ የተሠሩት ሶፋው ላይ ለተቀመጠ አንድ ሰው ነው። ዋጋቸው ደግሞ አንዳንዴ መኪና ይገዛል።

ሱቅ ሄዶ መስማት ለምን አይበቃም? ሱቅ ውስጥ የሚሰማው ስፒከሩ ብቻ አይደለም፤ የሱቁ ክፍልም አብሮ ይሰማል። አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ የሠራው ክሊፕሽሆርን ይህን በግልጽ ያሳያል። ስፒከሩ ጥግ ካላገኘ ቤዙን በወጉ አይሰጥም፤ ሁለቱን ግድግዳዎች እንደ ራሱ አካል ነው የሚጠቀምባቸው። ሌሎቹ ስፒከሮች እንዲህ በይፋ አይናገሩት እንጂ፣ ወፍራሙ ድምፅ ላይ ሲደርሱ እነሱም የክፍሉ ጥገኛ ናቸው።

ነገሩ የልኬት ጉዳይ ነው። የ20 ኸርዝ ድምፅ፣ ማለትም በሰከንድ 20 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ፣ አንድ ሞገዱ 17 ሜትር ይረዝማል። እንዲህ ያለ ሞገድ ሳሎን ውስጥ ስለማይበቃው ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20 በሆነ ክፍል 41 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ራሱን በራሱ ያጎላል። 41 ኸርዝ ማለት የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ነው። ግድግዳ ሥር የተቀመጠው ሰው ቤዙ ሲያንቋርርበት፣ ክፍሉ መሐል ያለው ደግሞ የት ገባ ይላል። ክፍሉ አራት በአራት ከሆነማ ይብሳል፤ በቁመትም በወርድም ያው ድምፅ ይደራረባል። ትንሽ ስፒከር እዚህ ድረስ ስለማይወርድ ችግሩን አይቀሰቅሰውም። ትልቁ ይወርዳል። ብዙ ብር የተከፈለበት ቤዝ ቤቱን ሊያበላሽ የሚችለው ለዚህ ነው።

ጎንደር ውስጥ ደግሞ ቤትና ቤት አይመሳሰልም። ፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ዘመን የተሠሩት ሕንፃዎች አሉ። የጭቃ ቤት አለ፣ ኮርኒሱ በአቡጀዲ የተወጠረ። አዲሶቹ ደግሞ የብሎኬት ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለልና ሰፊ መስታወት ናቸው። ለድምፅ የሚከብደው ይሄ የመጨረሻው ነው። ቀጭኑ ድምፅ ከሴራሚኩና ከመስታወቱ እየነጠረ ጆሮ ይወጋል። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ብዙ ያስተካክላል፤ ቤዙን ግን አይነካውም። ከዚያ ቡፌው አለ። ብርጭቆ የሞላው ቡፌ በአንድ የተወሰነ ድምፅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሰው ስፒከሩ ተበላሽቷል ብሎ ያማርራል። ከሙከራው በፊት ብርጭቆዎቹን ማራራቅ ይሻላል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን ይለፋቸው፤ ዝናቡ ከጀመረ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው።

ከፍታውም የራሱ ነገር አለው። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባህር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አንዱ ስፒከር በእኩል ኃይል ጅቡቲ ላይ ከሚያወጣው ድምፅ እዚህ ትንሽ ዝቅ ያለ ያወጣል። ልዩነቱን ጆሮ እምብዛም አያገኘውም። የሳሳ አየር ሙቀትን ቶሎ ስለማያወጣ ግን አምፕሊፋየሩን ቡፌ ውስጥ መዝጋት ጥሩ አይደለም። መብራቱ 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አምፕሊፋየር ለ120 ቮልት ብቻ ተሠርቶ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ አለቀለት። መብራት ስለሚዋዥቅ ስታቢላይዘርም ግድ ነው።

ምን ይደመጥበት የሚለው ላይ ጎንደር ዕድለኛ ናት። የአቋቋም ትምህርት ማዕከል ናት፤ ከበሮና ጸናጽል በአካል ምን እንደሚመስሉ እዚህ ያደገ ሰው አይጠፋውም። ጸናጽሉ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ከተንሿሿ ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ወይም ክፍሉ ጥፋት አለበት። በገናም ጥሩ ፈታኝ ነው። ከክሮቹ ሥር የሚገባው ቆዳ፣ እንዝራው፣ የሚሰጠው ንዝረት ከወፍራሙ ድምፅ ጋር አንድ ሆኖ ካልመጣ፣ ቤዙን የሚያወጣው ዉፈርና የመሐሉ ስፒከር አልተግባቡም። በዐቢይ ጾም ዘፈን የማይከፈትበት ቤት ሙከራው በበገና ቢሆን ምንም አይጎድለውም። ለሰው ድምፅና ለክር ደግሞ የአዝማሪ ማሲንቆ አለ።

ሁለት ስፒከር የሚያወዳድር ሰው ድምፃቸውን እኩል ማድረግ አለበት። በጥቂቱም ቢሆን ጮክ ያለው የተሻለ ይመስላል። ዓይንም ያታልላል። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ጥናት፣ አድማጮች ስፒከሩን እያዩ የሰጡት ነጥብ ሳያዩ ከሰጡት ተለይቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ፊት ለፊት ስስ ጨርቅ ዘርግቶ ቤተሰቡን ማስደመጥ ሞኝነት አይደለም።

የሥራው ከባድ ክፍል ማጓጓዙ ነው። ቢ ኤንድ ደብሊው 801 ዲ4 የሚባለው ስፒከር አንዱ ብቻ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ናቸው። ከአዲስ አበባ ከመጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው። አይሱዙው ቅያሱ ውስጥ ካልገባ ቀሪው በሰው ጉልበት ነው። ሹል እግር ያላቸው ስፒከሮች ሴራሚክ ስለሚሰነጥቁ ከሥራቸው ሳህን ይደረጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን፣ እንደ እኔ፣ ይሉኝታው ነው። ሰውየው ያን ሁሉ ዕቃ ተሸክሞ መጥቷል። ቡና ተፈልቷል። ጎረቤትም አይቷል። ከዚህ በኋላ «ይቅርብኝ» ማለት ለብዙ ሰው ሞት ነው። መፍትሔው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ውሉን መጨረስ ነው። ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ቢጫር ማን እንደሚከፍል፣ የመመለሻውን መኪና ማን እንደሚችል በወረቀት ይሰፍራል። ውሳኔውም ሻጩ ሳሎን ተቀምጦ ሳይሆን በማግስቱ በስልክ ይነገረዋል።