የዘይት ሊኬጅ ምንጭ ምንድን ነው? አገጭ አያለቅስም

«ምንጩ ሪር ሲል ነው።» ይህችን አባባል ሰሞኑን ደጋግሜ ሰማኋት። ሪር ሲል ማለት ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ በካምቢዮ (በማርሽ ሳጥኑ) በኩል በሚወጣበት ቦታ ዘይቱን የሚይዝ የጎማ ቀለበት ነው። ሞተሩ ሳይታጠብ፣ ከላይ ማንም መብራት ሳያበራበት፣ መሬት ላይ ባለች ጠብታ ብቻ ይፈረዳል። ከዚያ ካምቢዮ ይወርዳል። ካምቢዮ ማውረድ ትልቅ ሥራ ነው፤ አንዳንድ መኪና ላይ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ሲሉ ይቀየራል፣ ካምቢዮው ተመልሶ ይገጠማል። በሳምንቱ ያችው ጠብታ እዚያችው ቦታ ላይ ትገኛለች። ባለመኪናው «አዲሱ ሲል አርቴፊሻል ነው» ይባላል። አዲሱ ሲል ግን ምንም አላጠፋም። አሮጌውም ቢሆን አላጠፋ ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ቃል ብቻ ልጻፍ፦ «ምንጭ» ስለሚለው ቃል።

የሊኬጅ ምንጭ ማለት ዘይቱ ከሞተሩ ውስጥ ወደ ውጭ የወጣበት ቦታ ነው። ዘይቱ ሞተሩን ለቆ ወደ መሬት የሚወድቅበት ቦታ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ማፍሰሻ ቡሎን ሲላላ፣ የወጣበትም የሚወድቅበትም እዚያው ነው። በአብዛኛው ግን ይራራቃሉ፤ አንዳንዴ የሞተሩን ሙሉ ቁመት ያህል።

ሰው ሲያለቅስ አስቡ። እንባው የሚንጠባጠበው ከአገጩ ነው፤ የሚያለቅሰው ግን ዓይኑ ነው። እርጥብ አገጭ አይቶ «አገጭህ ታሟል፣ ይቀየር» የሚል ሐኪም የለም። ሞተር ላይ ግን ይህ በየቀኑ ይባላል። የሞተሩና የካምቢዮው መጋጠሚያ የታችኛው ክፍል የሞተሩ አገጭ ነው። ከላይ የመጣ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ነው የሚንጠባጠበው።

ዘይቱን ከምንጩ የሚያርቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ክብደቱ ነው፤ ዘይት ቁልቁል ይወርዳል። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እሱም ነፋስ ነው። መኪናው ሲሄድ ከፊት የሚገባው አየርና የራዲያተሩ ፋን ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፉታል። እያለቀሰ የሚሮጥ ሰው እንባው ወደ ጆሮው ይሄድ የለ? እንደዚያው ነው። ሞተሩ በቁመት በተገጠመበት መኪና ከኋላ ያለው ካምቢዮ ነው። ሞተሩ በአግድም ከተገጠመ ደግሞ ካምቢዮው በጎን ነው፤ ነፋሱ ዘይቱን የሚወስደው ወደ ሞተሩ ጀርባ፣ ወደ ተሳፋሪው በኩል ነው። ስለዚህ መኪናችሁ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ከሌላ ሰው መኪና የተቀዳ ምክር አትቀበሉ።

አንድ ሰው በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ ሰምቼው ነበር። «ዘይት ከሞተሩና ከካምቢዮው መሀል ከወጣ ሪር ሲል ነው፤ እዚያ ሌላ ነገር የለም» አለ። ወንድሜ፣ እዚያ ብዙ ነገር አለ። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጋስኬት፣ ማለትም ማሸጊያው፣ የኋላ ጥጉ በቀጥታ ከዚያ በላይ ነው። ብዙ ሞተር ላይ በቴስታታው ጀርባ የካም ሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቀዳዳ የሚደፍን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጎማ ወይም ክብ ድፋን አለ፤ እሱም ከሙቀት ብዛት ይደርቃል። የዘይት ግፊት ስዊች ያለበት ሞተር ላይ ስዊቹ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ጀርባ ሊሆን ይችላል። የኮፓው ጋስኬት የኋላ ጥግ እዚያው ነው። ከፍላይዊሉ (በሞተሩና በካምቢዮው መሀል ያለው ከባድ ክብ ብረት) ጀርባ የዘይት መተላለፊያዎችን የሚዘጉ ድፋኖች ያሉባቸው ሞተሮች አሉ። ይህ ሁሉ ቀርቶ ዘይቱ የሞተር ላይሆንም ይችላል፤ የካምቢዮው የፊት ሲልም እዚያው መሀል ነው። በጣታችሁ ነክታችሁ አሽትቱት። የማኑዋል ካምቢዮ ዘይት ብዙ ጊዜ ድኝ ድኝ የሚል ከባድ ሽታ አለው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አዲስ ሲሆን በአብዛኛው ቀይ ነው፤ ሲያረጅ ግን ስለሚጠቁር በቀለም ብቻ አትፍረዱ።

አንድ ጊዜ ሪር ሲሉ ሁለቴ የተቀየረለት መኪና መጣልኝ። ባለቤቷ ሦስተኛውን ለማስቀየር ተዘጋጅታ ነበር። ሞተሩን አጠብን፣ አደረቅን። አስነስተን በትንሽ መስተዋትና በባትሪ መብራት የብሎኩን ጀርባ ማየት ጀመርን። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሁሉም ነገር ደረቅ ነበር። ከተነሳ ግማሽ ደቂቃ አልሞላም፤ ከዘይት ግፊት ስዊቹ፣ ሶኬቱ ከሚገባበት ላስቲክ ሥር፣ አንዲት የምታብረቀርቅ ነጥብ ታየች። ቀስ ብላ አበጠች። ተንሸራታ በብሎኩ ጀርባ ወረደች። ሌላዋ ተከተለቻት። ሁለቱም መጋጠሚያው ውስጥ ገብተው ከዓይን ጠፉ። ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ ዕቃ ናት። ለእሷ ሲባል ካምቢዮ ሁለቴ ወርዷል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ በጣም ነው የማዝነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ አሥር ደቂቃ ቢታይ ይገኝ ነበር።

ሞተሩ ሲጠፋ ደረቅ የሆነው ለምን ይመስላችኋል? ስዊቹ ጀርባ ያለው ዘይት ግፊት አለው። በአብዛኛው ሞተር ላይ፣ ሞቆ በመደበኛ ፍጥነት ሲሠራ፣ ግፊቱ ከ2 እስከ 4 ባር አካባቢ ነው። ሲጠፋ ግፊቱ ይቆማል። የቴስታታው ክዳን ሥር ግን እንደዚህ ያለ ግፊት የለም፤ እዚያ ያለው የሚረጭና የሚመለስ ዘይት ነው። ስለዚህ ሲሠራ ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚያፈስና ቆሞም ቀስ እያለ የሚያዛ ሊኬጅ የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ፊልትሮው፣ ስዊቹ፣ የቱርቦው ዘይት መግቢያ ቧንቧ ግፊት ካለባቸው ወገን ናቸው።

ወደ ፍለጋው እንምጣ። መጀመሪያ ፊት ይታጠባል። ፊቱ በሙሉ በእንባና በአቧራ የተለወሰ ሰው የትኛው ዓይኑ እንዳለቀሰ አይታወቅም። በአሮጌ ዘይትና ጭቃ የተሸፈነ ሞተር ላይ ምንጭ ፈልጎ ማግኘት ከግምት አያልፍም። እጠቡት፤ ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ። ዲናሞውን፣ የአየር መሳቢያውንና የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹን በፕላስቲክ ሸፍኑ። በኃይል የሚተፋ ውሃ ሶኬት ላይ አታነጣጥሩ፤ ዘይት ስትፈልጉ የማይነሳ መኪና ታተርፋላችሁ። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የምትጠቀሙ ከሆነ እሳት እንደሚይዝ አትርሱ፤ የጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ አይነፋም።

ካጠባችሁ በኋላ አስነሱና በየጊዜው እዩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ። ስታዩ በጣም የረጠበውን ቦታ አትፈልጉ። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። በጣም የሚረጥበው አገጩ ነው። የምትፈልጉት ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀርቦ የረጠበውን ቦታ ነው፤ ከሱ በላይ ያለው ሁሉ ደረቅ የሆነበትን። ደረቅና እርጥብ የሚለያዩበትን መስመር በመብራት ተከትላችሁ ውጡ። መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ዓይኑ ነው።

ሊኬጁ በጣም ቀጭን ከሆነ ሁለት ዘዴ ይረዳል። አንዱ የእግር ፓውደር ነው፤ የታጠበውና የደረቀው ቦታ ላይ ይነፋል፣ ዘይቱ በነጩ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ሌላው ዘይት ውስጥ የሚጨመር ቀለም ነው፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያበራል። ቀለሙም ቢሆን ካልታጠበ ሞተር ላይ ያሳስታል፤ ሲጨመር የተንጠባጠበው ራሱ ያበራላ! ከሥር የሚነጠፍ ካርቶን ጥሩ ነው፤ ግን የሚነግራችሁ መጠኑንና ጎኑን ብቻ ነው። ሞተሩ እየሠራ ስታዩ እጃችሁን፣ ፀጉራችሁንና የልብሳችሁን ጫፍ ከቺንጋና ከፋን አርቁ። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ደግሞ በፍጹም አትግቡ።

ዘይት በቅርቡ ከተቀየረ መጀመሪያ ፊልትሮውን እዩ። የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ብሎኩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ፣ ሁለቱ ጎማዎች ተደራርበው ግፊቱን መያዝ ያቅታቸዋል። ይህ የሚንጠባጠብ ሊኬጅ ላይሆን ይችላል። በደቂቃዎች ውስጥ የሞተሩን ዘይት ሊያወጣው ይችላል። ወዲያው አጥፉ።

አሁን ዓይኑን አገኘን እንበል። ግን ሰውየው ለምን ያለቅሳል? ይህም የምንጭ ጉዳይ ነው። ፒስተኑን አልፎ ወደ ታች የሚሾልክ ጋዝ ሁልጊዜ አለ። ጋዙ ፒሲቪ በሚባለው ቫልቭና ቱቦ በኩል ተስቦ እንደገና እንዲቃጠል ይደረጋል። ያ መንገድ በጭቃ ከተደፈነ ግፊት ይጠራቀማል፤ ግፊቱም የደከመውን ሲል ፈልጎ ዘይት ይገፋበታል። ሲሉን ብትቀይሩ ቀጣዩን ደካማ ያገኛል። ኀዘኑ ሳይነገር ዓይን በመሀረብ ቢደፈን በሌላው ዓይን ይመጣል። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ) የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ቀጭን ወረቀት ጣል አድርጉበት። ብዙ የቤንዚን ሞተር ላይ ወረቀቱ በቀስታ ወደ ውስጥ ይሳባል። በኃይል የሚያስፈነጥረው ከሆነ ፒሲቪው ይመርመር። ናፍጣ ሞተርና ቱርቦ ያለው ግን የየራሱ ጠባይ አለው፤ ትንሽ እፍ እፍ ማለቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። መንገዱ ተከፍቶም ግፊቱ ካልቀነሰ፣ ነገሩ የፒስተን ፋሻ (የፒስተኑን ዙሪያ የሚያሽጉት ቀለበቶች) ሊሆን ይችላል። ያ ሌላ ወሬ ነው።

«ቡሎኑን ጠበቅ አድርገው» የሚል ምክርም አለ። የላላ ቡሎን ካለ ልክ ነው። የደረቀ ጋስኬት ግን በማጥበቅ አይለሰልስም። የቴስታታ ክዳን ቡሎን ብዙ ሞተር ላይ የሚጠብቀው በ10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ትክክለኛውን ከመኪናው ማኑዋል እዩ። ከዚያ በላይ ሲሆን ክዳኑ ሊጣመም ይችላል። ሲሊኮን መደርደርም እንዲሁ ነው፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን ማጣሪያ ወንፊት ሊደፍን ይችላል።

ሁሉም እርጥብ ነገር ሊኬጅ አይደለም። አቧራ የያዘች፣ ጠብታ የማትሠራ ቀጭን ወዝ ላብ ናት። አሮጌ ሞተር ያልባል። እኔ እንዲህ ያለውን እያየሁ እተወዋለሁ። ጭስ ማውጫው ላይ የሚወርድ ከሆነ ግን አንድ ቀንም አላሳድረውም፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘይቱ በዲፕስቲኩ (በዘይት መለኪያው ዘንግ) ላይ እየቀነሰ ውጭው ደረቅ ከሆነ ደግሞ ሲል አትፈልጉ፤ ሞተሩ እያቃጠለው ይሆናል። ሲነሳ የሚወጣውን ጭስ እዩ፣ ሰማያዊ ከሆነ መልሱ እዚያ ነው።

ሪር ሲል አይበላሽም እያልኩ አይደለም። ይበላሻል። ግን ከሱ በላይ ያለው ሁሉ ደረቅ መሆኑ በዓይን ከታየ በኋላ ነው ተራው የሚደርሰው። «ከዚህ በላይ ያለው ደረቅ ነው? አሳየኝ» በሉ። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ መብራቱን ራሱ ይይዝላችኋል። እውነትም ሪር ሲል ሆኖ ካምቢዮው ከወረደ፣ አዲሱ ሲል ከመግባቱ በፊት የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ በጥፍር ይዳሰስ። አሮጌው ሲል ለዓመታት ያሸበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ፣ አዲሱ ያችው ቦይ ላይ መቀመጥ የለበትም። ሞተሩ ከፈቀደ ትንሽ ገባ ወይም ወጣ ተደርጎ ይገጠማል። አለበለዚያ ቦዩን የሚሸፍን ቀጭን የብረት ቀለበት ይገባበታል።