ጎጆዋ ላይ ያለችውም እናት ናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ዛፍ ሥር ቆመን እናወራ ነበር። አንድ አምስት ዓመት ቢሆነው የሚመስል ሕፃን በዱላ የወፍ ጎጆ ይጎነትላል። ወፏ ከላይ እየዞረች ትጮኻለች። እናቱ አየችውና «ተው አንተ፣ ልብስህን ልታቆሽሸው ነው!» አለችው። ዱላውን ጥሎ መጣ። እኛም ወሬያችንን ቀጠልን።

ነገሩ የከነከነኝ ማታ ላይ ነው። ልጁ ያን ቀን ምን ተማረ? ልብስ መቆሸሽ እንደሌለበት። ስለ ጎጆው ግን ትንፍሽ ያለ የለም። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነኝ፤ አስተማሪ ተብዬ!

ኦሪት ዘዳግምን ገለጥኩ። ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 እና 7። በመንገድ ስትሄድ እናቲቱ በጫጩቶቿ ወይም በእንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣ ያለችበት የወፍ ጎጆ ብታገኝ፣ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አትውሰድ ይላል። ለሚያስፈልገው ሰው ጫጩቶቹን መውሰድ ተፈቅዷል። እናቲቱን ግን ልቀቃት። ለምን? መልካም እንዲሆንልህ፣ ዕድሜህም እንዲረዝም።

ይህን ተስፋ ሌላ ቦታ አታውቁትም? እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 5 ቁጥር 16 ላይ ተመለሱ። «አባትህንና እናትህን አክብር» ካለ በኋላ የተሰጠው ተስፋ ያው ነው። ዕድሜና መልካም ነገር። እናትህን አክብር ያለው አምላክ፣ ቅርንጫፍ ላይ ላለችው እናት ራራላት ሲልም ያንኑ ዋጋ አስቀመጠ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። የፊተኛውን ትእዛዝ ልጆቻችንን በቃል እናስጠናለን፤ ሲያጠፉም እንቆጣበታለን። የኋለኛውን ስንቶቻችን ነገርናቸው?

ልጆች የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። አንበሶቹንና ነብሮቹን ይቆጥራሉ። የተጠማችው ወፍ ከጻድቁ ዓይን እንባ ስትጠጣ እያዩ ይጠይቃሉ። ያንን ሥዕል ስመን ወጥተን፣ ደጅ ላይ ወፍ በዱላ ስትሳደድ አይተን እንዳላየን ማለፍ ምን ይባላል? እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ደግሞ ማስፈራራት እንወዳለን። ጉንዳን ሲያዩ «ይበላሃል!»፣ ትል ሲነኩ «ኤጭ!»። መጽሐፍ «ወደ ጉንዳን ሂድ» እያለ እኛ ከጉንዳን እናሸሻቸዋለን። የሚናደፈውን ለይቶ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ፍጥረትን ሁሉ ጠላት አድርጎ ማሳደግ ሌላ። የፈራውን ነገር ሲረግጠው ታዲያ ለምን ይገርመናል?

እባካችሁ ይዛችኋቸው ውጡ። ስልኩን ቤት ተዉት። ሳር ላይ አብራችሁ ቁጭ በሉ። ትንሽ ልጅ ብዙ ስብከት አይፈልግም፤ «እስቲ ይህች ጉንዳን ወዴት እንደምትሄድ እንያት» በቂው ነው። አበባ ሊቀጥፍ ሲል እጁን ከመምታት አብራችሁ ጎንበስ ብላችሁ አሽቱት። ድንጋይ ገልብጦ ከሥሩ ያሉትን ካየ በኋላ መልሶ በቀስታ እንዲያስቀምጠው አስለምዱት፤ የሰው ቤት ጣሪያ አንስቶ የሚሄድ የለምና። ጎጆ ካገኛችሁ ራቅ ብላችሁ በዝምታ ተመልከቱ። «ከነካሃት የእጅህን ሽታ አውቃ ልጆቿን ትጥላለች» የሚባለውን ተዉት። ሐሰት አያስፈልገንም። እውነቱ፣ ደጋግመን ከረበሽናት ጎጆዋን ትታ ልትሄድ ትችላለች። ይህን ልጅ ይረዳዋል። ከዚያ ከድንቢጦች አንዲቱ ስንኳ በእግዚአብሔር ፊት እንደማትረሳ ንገሩት፤ ሉቃስ 12፥6 ላይ አለ። ወፏን እያየ ሲሰማው ቃሉ ልቡ ውስጥ ይገባል።

የልጁን እናት ለመውቀስ አይደለም የጻፍኩት። ደክሟት ይሆናል፤ ልብስ የምታጥበውም እሷ ናት።

የፊታችን እሑድ፣ እናቱ ከፈቀደችልኝ፣ ያን ልጅ ከዛፉ ራቅ አድርጌ አብሬው እቀመጣለሁ። ወፏ ተመልሳ ከሆነ አሳየዋለሁ። ካልተመለሰችም ለምን እንደሆነ አብረን እናወራለን፤ እኔም ቆሜ እያየሁ ዝም እንዳልኩ እነግረዋለሁ።