ሕግ በኢንተርኔት ስንፈልግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ዓመት አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ ቤቴ መጣች። ፊቷ ጥሩ አልነበረም። ከአንድ ድረ ገጽ ያወረደችውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አሳየችኝ። አንቀጽ 88፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቃድ ይላል። ወደ ላይ ወጥቼ ቁጥሩን አየሁት፤ 377/1996 ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ተሽሯል። አዲሱም የወሊድ ፈቃድን የያዘው በዚያው አንቀጽ 88 ነው፤ እሱ ግን 90 ቀን ይሰጣታል። አንድ ወር ሙሉ ልታጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሳሳት ደጋግሜ የማየውን ልጻፍ እያልኩ ነበር።

«አገኘሁት፣ ስለዚህ ይሠራል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የተሻረ አዋጅ ራሱ «ተሽሬያለሁ» አይልም። መሻሩን የሚነግራችሁ በኋላ የወጣው ሕግ ነው፤ መጨረሻው አካባቢ ስለተሻሩ ሕጎች የሚናገር አንቀጽ አለው። ስለዚህ ያገኛችሁትን አዋጅ ቁጥር መልሳችሁ መፈለጊያው ላይ ጻፉት። በኋላ የወጣ ሕግ ከጠቀሰው፣ ከፍታችሁ ምን እንዳደረገው እዩ።

ከፊሉ ብቻ የሚሻርም አለ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የ1952ቱን ሙሉ በሙሉ አላነሳውም። ኢንሹራንስና ቼክ ያሉባቸው ሦስተኛውና አራተኛው መጽሐፍ አሁንም ይሠራሉ። «አሮጌ ነው» ብሎ የዘጋው ሰው የቼክ ክርክር ሲመጣበት ባዶ እጁን ነው። ጉዳዩ የተፈጠረው የድሮው ሕግ በሥራ ላይ እያለ ከሆነ ደግሞ፣ የምትፈልጉት ያንኑ የድሮውን ሊሆን ይችላል።

«ፈልጌ አጣሁት፣ እንግዲህ የለም»

ኧረ ሊኖር ይችላል! «ሕግ» እና «ህግ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለብዙ መፈለጊያ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሠራተኛ» እምቢ ሲል «ሰራተኛ» ብላችሁ ሞክሩ። አንዳንዱ ነጋሪት ጋዜጣ፣ ማለትም አዋጆች የሚታተሙበት ጋዜጣ፣ ስካን የተደረገ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ፎቶ ማለት ነው። ሌላው በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ነው። ዓይናችሁ ያነበዋል፣ መፈለጊያው ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው የሚታየው። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ፔስት አድርጉት። የማይነበብ ነገር ከወጣ በቃል መፈለጉን ተዉት፣ በአዋጅ ቁጥር ፈልጉ። ዓመቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ሞክሩ፤ 1156/2011 በእንግሊዝኛው 1156/2019 ነው።

«እንግሊዝኛው ይበልጥ ግልጽ ነው»

ይሁን፣ አንብቡት። ሁለቱ ከተለያዩ ግን የሚጸናው አማርኛው ነው፤ አዋጅ ቁጥር 3/1987 እንዲህ ይላል።

«የሰበር ውሳኔ ካገኘሁ በቃኝ»

ሰበር ማለት የመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ሲኖር የሚታረምበት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ከሰባት ባላነሱ ዳኞች የሚሰየም ችሎት ያንን ትርጉም ሊለውጠው ይችላል። በዚያው የሕግ አንቀጽ ላይ በኋላ የተሰጠ ውሳኔ መኖሩን ሳታዩ አትቁሙ። አናቱ ላይ ያለችውን አጭር ማጠቃለያ ብቻ አንብባችሁም አትውጡ። የክርክሩን ፍሬ ነገር ስታነቡ የእናንተን ጉዳይ ጭራሽ የማይመስል ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

«ኤአይ የመዝገብ ቁጥር ሰጥቶኛል»

እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ጨርሶ ያልተሰጡ ፍርዶች ለፍርድ ቤት ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ቁጥር ከተሰጣችሁ የሰበር ውሳኔዎች የታተሙበትን ቅጽ ክፈቱ፣ መዝገቡን ፈልጉ፣ የመጨረሻውን ገጽ ውሳኔ በዓይናችሁ አንብቡ። እዚያ ካልተገኘ አቤቱታችሁ ላይ አትጻፉት።