ኮሚናል ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤታችን እናታቸው አረፉባቸው። ሊነጋጋ ሲል ለቅሶው ተሰማ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ወጣን። የእድራችን ሊቀመንበር ከደረጃው ሥር ቆመው አገኘናቸው። መጀመሪያ የጠየቁን አንድ ነገር ነው። "የኮሚናሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?"

ኮንዶሚኒየም ኖሮ ለማያውቅ ሰው ጥያቄው ግራ ሊያጋባ ይችላል። ሰው ሞቶ ስለ ቁልፍ? እኛን ግን ወዲያው ነው የገባን። ለቅሶ የሚቀመጠው ሰው የት ይሁን? ንፍሮው የት ይቀቀል? ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ዘመድ የት ይረፍ? የጎረቤታችን ቤት ባለ አንድ መኝታ ነው። ሃያ ሰው ከገባ በሩ አይዘጋም።

ኮሚናል ማለት በኮንዶሚኒየም ሰፈር ውስጥ ለተወሰኑ ብሎኮች በጋራ የተሠራ፣ ማንም የማይኖርበት፣ የሁሉም የሆነ ቤት ነው። በወረቀት ላይ "የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ" ይባላል። በአፍ ግን ኮሚናል ነው። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ሲሆን የጋራ ማለት ነው። ኮንዶሚኒየም የሚለውም ከላቲን ሲመጣ አብሮ ባለቤት መሆንን ነው የሚያመለክተው። ሰፈራችን ከስሙ ጀምሮ የጋራ ነው።

ቤቱ የታሰበው ለአራት አምስት ነገር ነው። በዓል ሲመጣ በሬና በግ ለማረድ፣ ለብዙ ሰው ወጥ ለመሥራት፣ እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብ፣ ለቅሶ ለመቀመጥና ለመደገስ። እኔ ባየኋቸው ሰፈሮች ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ቁመቱ ከብሎኮቹ ያነሰ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ሲታይ የሚያምር ቤት አይደለም። ግን ሰፈሩ ውስጥ ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ፣ አኗኗራችንን አይቶ የተሠራው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ።

በ1996 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከጂቲዜድ ጋር ሆኖ ቦሌ ገርጂ ላይ የሙከራ ቤቶችን መሥራት ጀመረ። ሐሳቡ በዝቅተኛ ወጪ፣ በብሎኬትና ተመርቶ በሚመጣ የኮንክሪት አካል (ፕሪካስት) ቶሎ ቶሎ መገንባት ነበር። ሙከራው አድጎ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ሆነ። ሕንፃዎቹም እየቆዩ ከመሀል ከተማ እየራቁ ሄዱ። ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ እያለ ቀጠለ። ጀሞ ብቻውን ወደ 10,000 ቤት የያዘ ነው። ጤፍ ይዘራበት የነበረ ማሳ በጥቂት ዓመት ውስጥ የአንድ ከተማ ያህል ሰው ገባበት።

የመጀመሪያዎቹ ብሎኮች አብዛኞቹ ጂ ፕላስ ፎር፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸው ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሊፍት ያስፈልጋል፣ ሊፍት ደግሞ ውድ ነው። ቤቶቹም ትንንሽ ናቸው። በፕሮግራሙ መነሻ ልኬት ስቱዲዮ ከ20 ካሬ ሜትር በታች ነው። ባለ አንድ መኝታ ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት ከ30 እስከ 45፣ ባለ ሦስት ከ45 በላይ። ቁጥሩን በወረቀት ከማየት ይልቅ አንድ ሶፋ፣ አንድ ብፌና አንድ ረከቦት አስገብቶ ማየት ይሻላል።

ታዲያ እነዚህ ቤቶች ውስጥ የገባው ሰው ከየት መጣ? አንዱ በዕጣ ደርሶት ነው። ሌላው መሀል ከተማ ያለው ሰፈሩ ፈርሶበት ነው። ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ የተነሳ ብዙ ነው። እነዚያ የቀበሌ ቤቶች ጭቃቸው የረገፈ፣ ጣሪያቸው የሚያፈስ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን ነበራቸው፤ ግቢ። አምስትና ስድስት ቤተሰብ የሚጋራው ግቢ። ማዕድ ቤቱ እዚያ፣ ምጣዱ እዚያ፣ የልብስ ገመዱ እዚያ። በርበሬ የሚሰጣው፣ ሽሮ የሚታመሰው፣ የበዓል በግ የሚታሰረው፣ የሠርጉም የለቅሶውም ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነው። እናቶቻችን ሳሎን ውስጥ ከኖሩት ዕድሜ ግቢ ውስጥ የኖሩት ይበልጣል።

ፎቅ ቤት ግቢ የለውም። ኮሚናል ለግቢ የተሰጠ ምትክ ነው።

ምትኩ ባይኖር ምን እንደሚሆን በዝርዝር ማየት ይቻላል። ከሙቀጫ እንጀምር። በዘነዘና ሲወቀጥ መሬት ላይ ያለ ሙቀጫ ማንንም አይረብሽም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ድምፁ በወለሉ አልፎ ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ሕፃን ይቀሰቅሳል። በዚህ የተኳረፉ ጎረቤታሞች አውቃለሁ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዷ ቅመሟን መውቀጥ አለባት፤ ሌላዋም ልጇን ማስተኛት አለባት። ጥፋቱ የቦታ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድም እንዲሁ ነው። አንዱ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ብሎክ ውስጥ አሥር ቤት እንጀራ ሲጋገር መስመሩ ይጨነቃል። እንፋሎቱም ጠባብ ኩሽና ውስጥ ግድግዳውን ያረጥበዋል፣ ቀለሙን ይልጠዋል። ለድግስ ሲሆን ደግሞ አንድ ሁለት ምጣድ አይበቃም። ለሦስት መቶ ሰው የሚሆን እንጀራና ወጥ 25 ካሬ ሜትር ውስጥ አይሠራም።

የቅርጫውን ነገር ሳነሳ ሁሌ ደስ ይለኛል። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል የብሎኩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ። ይታረዳል፣ በመደብ በመደብ ይከፈላል፣ ዕጣ ይወጣል። ለአረፋ ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ኡዱሒያቸውን ያርዳሉ። ለዚህ ሁሉ ደም የሚታጠብበት ውኃ፣ የሚወርድበት ቦይ፣ ሥጋ የሚሰቀልበት ብረት ያስፈልጋል። በደንብ የተሠራ ኮሚናል እነዚህ አሉት። ኮሚናል ከሌለ እርዱ ደረጃ ሥር ወይም መኪና ማቆሚያ ላይ ይሆናል። ደሙ ልጆች በሚጫወቱበት በኩል ይፈስሳል። ዝንቡ ሳምንት ይቆያል።

ይህን ሁሉ ያሰበ አርክቴክት ምስጋና ይገባዋል። ለከተማ ዳር ሰፈር የሚነደፍ ሕንፃ ብዙ ጊዜ የሚለካው በቤት ብዛት ነው። ስንት ስቱዲዮ፣ ስንት ባለ ሁለት መኝታ ወጣ ተብሎ ይቆጠራል። ኮሚናል ግን በዚያ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። ዕጣ አይወጣበትም፣ አይሸጥም። እንዲያም ሆኖ በፕላኑ ውስጥ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩ ላይ ግን ጉድለት አለ። አንዳንዱ ጋ ውኃ ሳይገባለት ቀረ። አንዳንዱ ጋ ቦይው ጠባብ ሆኖ በመጀመሪያው በዓል ተደፈነ። ለብዙ ብሎክ አንድ ብቻ የተሠራበት ቦታም አለ፤ ሁለት ቤት በአንድ ሳምንት ለቅሶ ሲገጥመው ሰው ይቸገራል። ከሁሉ የከፋው ግን ኃላፊው ማን እንደሆነ አለመለየቱ ነው። የሚያጸዳው ማን ነው? አምፖል ሲቃጠል የሚቀይረው ማን ነው?

በሕጉ መልስ አለው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የኮንዶሚኒየም ቤት ባለቤት ምን ምን እንዳለው ይደነግጋል። ቤት ሲደርስህ የገዛኸው አራቱን ግድግዳ ብቻ አይደለም። ደረጃውም፣ ጣሪያውም፣ ግቢውም፣ ኮሚናሉም ላይ ድርሻ አለህ። ያ ድርሻ ከቤትህ ተነጥሎ አይሸጥም። የጋራውን የሚያስተዳድረው ደግሞ ባለቤቶቹ የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። እንግዲህ ኮሚናል የመንግሥት አይደለም፤ የኮሚቴም አይደለም። ተከራይ ካልሆንክ በቀር የአንተም ነው። ተከራይ ከሆንክም ለቅሶህና ደስታህ እዚያው ሰፈር ነውና የመጠቀም መብትህን ማንም ሊንቀው አይገባም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ብዙ ኮሚናል ዛሬ ሌላ ሥራ ላይ ነው። አንዱ ሱቅ ሆኗል፣ አንዱ መዋዕለ ሕፃናት፣ አንዱ መጋዘን፣ አንዱ የእንጨት ሥራ ቤት። ኮሚቴዎቹን ብቻ መውቀስ ግን አልፈልግም። የጥበቃ ደመወዝ በየወሩ ይጠበቃል። የጽዳት አለ፣ የውኃ ፓምፕ ጥገና አለ። ነዋሪው ወርሃዊ መዋጮውን አይከፍልም። ኮሚቴው ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ገቢ ሊያመጣ የሚችል አንድ ባዶ ቤት አለ። ያከራየዋል። በወሩ መጨረሻ የጥበቃው ደመወዝ ይከፈላል፤ ሁሉም ዝም ይላል። እስከሚቀጥለው ለቅሶ ድረስ።

የእኛም እንደዚያ ነበር። ያን ዕለት ሊቀመንበሩ ቁልፉን ሲጠይቁ፣ ቁልፉ የሲሚንቶ ነጋዴ ጋ ነበር። ተደወለለት፤ ስልኩ አይነሳም። ቢነሳም ውስጡ ሲሚንቶ ነው፣ ዝናብ ላይ አይወጣም። ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ተተከለ። ሐምሌ ነው። ውኃው ከኮብሉ ላይ እየወረደ በሰዉ እግር ሥር ያልፋል። ንፍሮው አንደኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት ደግ ሴት ኩሽና ውስጥ ተቀቀለ። ከዚህ ሁሉ የከበደን ግን የእናትየዋ አስከሬን ሳጥን በጠባቡ ደረጃ ሲወርድ ነው። በየመታጠፊያው ማቆም፣ ማቅናት፣ ማንሳት ነበረበት። ኮሚናሉ ክፍት ቢሆን ሽኝቱ እዚያ ይሆን ነበር። ልጃቸው ያን ጊዜ ምንም አልተናገሩም። እኔ ግን አፍሬ ነበር፤ የኪራዩ ውሳኔ ሲፀድቅ ስብሰባው ላይ እጄን ያወጣሁ እኔም ነበርኩ።

አሁን የሚሠሩት ሕንፃዎች እየረዘሙ ነው። ገዢው 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን 60 በመቶ በባንክ ብድር የሚከፍልባቸው የ40/60 ቤቶች በ2009 ዓ.ም. ሰንጋ ተራና ክራውን ላይ መተላለፍ ሲጀምሩ ሊፍት ያላቸው ረጃጅም ሕንፃዎች በመንግሥት ፕሮግራም ውስጥ ገቡ። የግል ሪል ስቴቶችም በከተማው ዳር ዳር እየበዙ ነው። ማስታወቂያቸው ላይ ጂም አለ፣ ቴራስ አለ፣ የልጆች መጫወቻ አለ። ጥሩ ነው። ሆኖም ሕንፃ በረዘመ ቁጥር አንድ መሬት ላይ የሚኖረው ሰው ይበዛል። ሰው በበዛ ቁጥር ለቅሶውም ሠርጉም ይበዛል። ድንኳን የሚተከልበት መሬት ግን ያው ነው፤ እንዲያውም ለመኪና ይሄዳል። ስለዚህ ለአዲሱ ሰፈር ኮሚናል ከድሮው የበለጠ እንጂ ያነሰ አያስፈልገውም።

ቤት ልትገዙ ወይም ልትከራዩ ስትሄዱ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ታክሲው የት ያወርዳል ትላላችሁ። አንድ ጨምሩበት፤ ኮሚናሉን አሳዩኝ በሉ። ከደላላው ጋር ሆናችሁ ግቡበት። ቧንቧውን ክፈቱ። ቦይው ወዴት እንደሚወርድ እዩ። ወለሉ ላይ የምድጃ አመድ ካለ፣ ግድግዳው ላይ ጥላሸት ካለ አትቀየሙ፤ ሰው እየተጠቀመበት ነው። ጥግ ላይ የእድር አግዳሚና ብረት ድስት ተደርድሮ ካያችሁ ያ ሰፈር ለመኖር ደህና ሰፈር ነው። ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። መልሱ ስለ ጎረቤቶቻችሁ ብዙ ይነግራችኋል።

እኛ ከዚያ ለቅሶ በኋላ ስብሰባ ጠራን። የመጣው ሰው ብዛት ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። መዋጮው ከፍ እንዲል ተስማማን፤ የነጋዴው ውል ሲያልቅም አልታደሰም። ሲሚንቶው ወጥቶ ወለሉ እስኪታጠብ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ጥር ላይ የአንደኛ ፎቋ ሴት ልጅ ስታገባ ወጡ የተሠራው እዚያ ነው። ጎረቤታችንም የእናታቸው ሙት ዓመት ሲደርስ ዝክሩን እዚያው አወጡ። ቁልፉ አሁን በር ጥበቃው ቤት፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ቀይ ክር ታስሮበታል።