በፍቺ ጊዜ የቤተሰብ ሽምግልና ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ «ሽማግሌ ተልኮባታል» ሲባል ሁሉም የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ሴትዮዋ አኩርፋ አባቷ ቤት ገብታለች፣ ጋቢ የደረቡ ሦስት አራት ሰዎች ደግሞ «ስለ ማርያም ብለሽ ተመለሽ» ሊሏት ሄደዋል። ይሄ ማስታረቅ ነው። ሽምግልና ግን በዚህ አያበቃም። ባልና ሚስቱ «በቃን» ብለው ከቆረጡ፣ መሃላቸው ተቀምጦ በልጁ፣ በማሳውና በከብቱ ላይ ራሳቸው እንዲስማሙ መርዳትም ሽምግልና ነው። የእኛ ሽማግሌዎች የመጀመሪያውን ያውቁበታል። ሁለተኛውን አንዳንዶቹ እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ከባዱ ሥራ እሱ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ይለይ፦ ሽማግሌ አያፋታም። ድሮ ያፋታ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰማንያው ሲፈረም ምስክር የነበሩት ሰዎች የቤተ ዘመድ ዳኛ ሆነው ፍቺውን ይወስኑ ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992)፣ ኋላም እኛ ጋ የሚሠራበት የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጡት። ስለዚህ ሽማግሌዎች ፈርመው የሰጡትን «ተፋተዋል» የሚል ወረቀት ይዞ ሌላ ሰማንያ የሚፈርም ሰው በሕግ ዓይን ገና ባለትዳር ነው። ፍርድ ቤቱም ቶሎ አይፈርድም፤ ሁለቱን ለየብቻም አንድ ላይም ያነጋግራል፣ ራሳቸው ወደመረጧቸው ሽማግሌዎችም ሊመልሳቸው ይችላል። በፌዴራሉ ሕግ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቡበት የሚሰጣቸው የማሰላሰያ ጊዜ ከ3 ወር አያልፍም።

ደምበጫ አካባቢ ያሉ ባልና ሚስት እንበል፤ ሦስት ቃዳ መሬት፣ ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ የቆርቆሮ ቤት፣ ሁለት ልጆች። የጋራ ሀብት እኩል ይካፈላል፤ ይሄ ግልጽ ነው። ታዲያ አንድ አንድ በሬ ይውሰዱ? አንድ በሬ አያርስም። እሱ መቀናጆ ፍለጋ ጎረቤት ሊለምን ነው፤ እሷ ደግሞ መሬቷን ለእኩል አራሽ ስለምትሰጥ በሬው ደጇ ላይ ድርቆሽ ሲበላ ሊከርም ነው። ዳኛ «እኩል» ብሎ ቢፈርድ አልተሳሳተም። ሽማግሌ ግን «አንተ ሁለቱን በሬ ያዝ፣ እሷ ላሟን ከነጥጃዋ ትውሰድ፣ ልዩነቱን በብር ሙላ» ብሎ ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል። ሐሳብ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ ሁለቱም «እሺ» ካላሉ ይቀራል። ጤፉ ማሳ ላይ ቆሞ ከሆነም ጠቡን እስከ ኅዳር አቆይቶ እህሉን አውድማው ላይ እኩል መስፈር ይሻላል።

ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ሽማግሌ ከየወገን ይመረጥና አምስተኛው በጋራ ይጨመራል። ጥሩ ሸምጋይ ሁለቱን አንድ ላይ ከሰማ በኋላ የግድ ለየብቻ ይሰማል። ዱላ ያለበት ቤት የሚታወቀው ያኔ ነው። ባሏ ፊት «ምንም የለም» ያለች ሴት ብቻዋን ስትሆን ነጠላዋን ገልጣ ክንዷን ታሳያለች። እንዲህ በሆነበት «ልጄ፣ ታገሺ» የሚል ሽማግሌ እያስታረቀ አይደለም። ከምትፈራው ሰው ጋር የሚደረግ ስምምነት ስምምነት ስላልሆነ ጉዳዩ ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ።

የልጆቹ ነገር ላይ የሽማግሌ ወረቀት ብዙ ጊዜ ይላላል። «አባት ልጆቹን ይርዳ» ተብሎ ይጻፋል። ስንት? በየስንት ጊዜ? የብሩ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ደብተርና ጫማ የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ ለፋሲካ ልጆቹ የት እንደሚውሉ ሳይቀር ይጻፍ። ዳኛው ስምምነቱ ልጆቹን እንደማይጎዳ አይቶ ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመሬት ደብተሩ ነው። የሁለቱም ፎቶ ያለበት ያ ደብተር በየስማቸው እንዲለወጥ ሁለቱም ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቀርበው ይፈርማሉ።